ለኤሊ የተጀመረ ቤት

ጋሽ ቦንሳ ኤሊው ላይ ተቀመጡበት።

ሰውዬው ምን ያድርጉ! የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ከትናንት ጀምረው ድንኳን ሲያስተክሉ፣ አግዳሚ ሲያስደረድሩ፣ ድስት ሲያስቆጥሩ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። አግዳሚው ሁሉ በለቀስተኛ ተይዟል። ከድንኳኑ ጥግ ግን አሮጌ ምንጣፍ የለበሰ፣ ቁመቱ እንደ ዱካ የሆነ ነገር ታያቸው። ከእድሩ ሰዎች አንዱ ሐዘንተኛዋ እያየችው እንዳይብስባት ብሎ ነው ምንጣፉን ጣል ያደረገበት፤ ለዳኛው ግን የነገራቸው የለም። "እፎይ፣ ተመስገን" ብለው ዘጭ አሉ። ካርታ የሚጫወቱትን ገሠጹ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀበሉ፣ ብርጭቆውን አፋቸው ጋ ሲያደርሱት መቀመጫው ከሥራቸው ብድግ አለና መሄድ ጀመረ።

"ኧረ ጌታዬ! ኧረ ያዙኝ! መሬቱ!"

አረጋሽ ጩኸቱን የሰማችው ሳሎን ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነው። ቀጥሎ የሰማችው ሳቅ ነበር። በባሏ ለቅሶ፣ ገና በሁለተኛው ቀን፣ ድንኳን ሙሉ ወንድ በሳቅ ሲፈርስ! ከወልቂጤ በኩል የመጡት ሴቶች ሙሾአቸውን እመሃሉ ላይ አቋርጠው እርስ በርስ ተያዩ። ከጎኗ የተቀመጠችው ቀመሪያ፣ የአጥር ጎረቤቷና የሃያ ዓመት ጓደኛዋ፣ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ አየችና ተመልሳ ተቀመጠች።

"ኤሊው ነው" አለቻት በጆሮዋ። "ወላሂ፣ ጋሽ ቦንሳን ጭኖ እስከ በሩ ሊወስዳቸው ነበር።"

አረጋሽ ከንፈሯ ሲላላ ተሰማትና የነጠላዋን ጥለት ነከሰች። ምን ዓይነት ሴት ነኝ እኔ? አለች በሆዷ። ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ዘለላ እንባ ያልወጣት ሴት አሁን በሳቅ ልትፈርጥ! ማልቀሱ አልመጣላትም። ያለቀሰች መስላ ፊቷን በነጠላ መሸፈንም ይከብዳታል፤ ያን ያህል አስመሳይ አይደለችም። ሴቶቹ ደግሞ አያርፉም።

"ደንግጣ ነው እኮ፣ ድንጋጤ እንባን ያደርቃል" ይላል አንድ ድምፅ ከወደ በሩ።

"እንዴት አትደነግጥ! እንዲያ የሚዋደዱ ባልና ሚስት! አንድ ቀን ክፉ ቃል ሲለዋወጡ የሰማ የለም እኮ።"

እውነት ነው፣ ክፉ ቃል ሲለዋወጡ የሰማ የለም። መዝገቡ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት ደግ ቃል ሲለዋወጡ የሰማም የለም።

ወርቄ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። የመዝገቡ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ቁጡ፣ ለቅሶው ሁሉ ወደ ቁጣ የሚገለበጥበት ሰው። ከፊቷ በርከክ አለ።

"አረጋሽ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ግቢ ይወጣል" አላት። "ወንድሜን የገደለው እሱ ነው። ያን ሁሉ ብሎኬት ለማን ብሎ ተሸከመ? አሁን ደግሞ ለቅሶአችንን መሳቂያ አደረገው። አንድ የመናፈሻ ባለቤት አውቃለሁ፣ ነገ ሠልስቱ ሲያልቅ መኪና ይልካል። ልጆች እንደሆነ ይጫወቱበታል።"

አረጋሽ ዝም አለች። ወርቄ ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰደውና ተነሣ። እሷም ብትሆን እሺ ልትል አንድ ሐሙስ ነበር የቀራት። ያንን ፍጥረት ከእግሯ ሥር የሚያነሣላት ሰው ስትፈልግ ነው የከረመችው።

መዝገቡ ኤሊውን ያመጣው በኅዳር መጨረሻ ነው። ሙያው በር መበየድ ነበር፤ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ሊፈርስ በተዘጋጀ ግቢ ውስጥ የቆየ የብረት በር ሊነቅል ሄደ። ባለቤቶቹ ግቢውን ሸጠው ወጥተዋል። ኤሊው ግን ቀርቷል። ድሮ አንድ ሹፌር ከአፋር በኩል አምጥቶት እዚያ ያረጀ ነው ይላሉ። አፍራሾቹ ጀርባው ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ የድንጋይ ልብሱ ላይ በነጭ ቀለም የታርጋ ቁጥር ጽፈውበታል። መዝገቡ በሩን ትቶ ኤሊውን ጭኖ መጣ። አርባ ስድስት ኪሎ! ባጃጁ ለቡ መብራት ኃይል ቤታቸው እስኪደርስ ድረስ በአንድ በኩል እንዳጋደለ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለችው አረጋሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

"ሽማግሌ ነው፤ ማደሪያ የለውም" አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሽማግሌው ሆነ። መዝገቡ የታርጋውን ቀለም በሞቀ ውሃና በጥርስ ብሩሽ ሦስት ቀን ሙሉ ፈተገለት። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። ሐኪሙ የነገረውን ለአረጋሽ በእራት ሰዓት ሲያስረዳት እንደ ተማሪ ነበር። "የቆላ ፍጥረት ነው። እሱ እንደኛ ከውስጡ አይሞቅም፣ ከውጭ ነው ሙቀት የሚሰበስበው። ቀን ፀሐይ ይበቃዋል፤ የታኅሣሥን ብርድ ውጭ ካደረ ግን ሳንባው ይታመምና ይሞታል። ቤት ያስፈልገዋል። ግድግዳው ደግሞ አርባ ሳንቲም ወደ መሬት ይግባ፣ ሽማግሌው መቆፈር ይወዳል።"

ቤቱ እስኪያልቅ ግን ሽማግሌው የት ይደር? ሳሎን! በየማታው መዝገቡ በጆንያ ላይ እየጎተተ ያስገባዋል፣ በየጠዋቱ እየጎተተ ያስወጣዋል። ሽማግሌው ምንጣፏ ላይ ይሸናል፣ የቡፌዋን እግር ይገፋል። አረጋሽ አሥራ አንድ ቀን ታገሠች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ፣ አበቃላት።

"የዚህን ቤት ኮርኒስ እሠራለሁ ካልክ ስድስት ዓመትህ ነው! ለኤሊ ግን ብሎኬት ገዛህ፣ በር በየድክ! ሰው የጣለውን እየለቀምክ ወደ ቤት ማምጣት ልማድህ ነው እንዴ?"

መዝገቡ ብሎኬት እያስተካከለ ነበር። ሳቅ አለ። "ልማዴ ነዋ። አንቺንስ እንዲሁ አይደል ያመጣሁሽ?"

ቀልዱ ነበር። መዝገቡ ሲቀልድ እንዲህ ነው፣ የሚጎዳውንና የማይጎዳውን አይለይም። እሷ ግን ከመዝገቡ በፊት ባል ነበራት፤ አራት ዓመት አብራው ኖራ ልጅ ስላልወለደችለት ልብሷን በፌስታል ቋጥሮ ወደ ወላጆቿ የመለሳት ባል። መዝገቡ ያን እያወቀ ነው ያገባት። ልጅ ሳይመጣም ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አንሥቶባት አያውቅም። ለኤሊ ብሎ አነሣው! ያን እሑድ አረጋሽ ቃል ሳትመልስለት ወደ ቤት ገባችና አኮረፈች።

ሰኞ "አሩዬ፣ በቃሽ" አላት። ዝም። ማክሰኞ ብርቱካን ገዝቶ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። አልነካችውም። ልቧ መለስ ማለት ጀምሮ ነበር፣ ግን ትንሽ ይልፋ አለች። ነገ አናግረዋለሁ አለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲቀዘቅዝ አረጋሽ "ልውጣ" አለች። ሐዘንተኛ ብቻውን አይወጣም፤ ቀመሪያ ክንዷን ይዛ በጓሮ በር አወጣቻት። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢውን ያየችው ያኔ ነው።

መዝገቡ የጀመረው ቤት አራት ረድፍ ብሎኬት ላይ ቆሟል። የእድሩ ሰዎች ድስትና ትሪ ደርድረውበት ዕቃ ቤት አድርገውታል። የተረፉትን ብሎኬቶች ወጥ ሠሪዎቹ ጉልቻ አድርገዋቸው ጭስ አጥቁሯቸዋል። ክፋት አይደለም፣ ለቅሶ ቤት የተገኘው ሁሉ ለእንግዳ ነው። ሳሎኑም በተኚ ለቀስተኛ ሞልቷል። እናም ሽማግሌው ሁለት ሌሊት ውጭ አድሯል። ከምንጣፉ ሥር አንገቱን አስገብቶ፣ ግማሽ ዓይኑን ከድኖ ተቀምጧል። ከአፍንጫው ቀጭን ፈሳሽ ይወርዳል። የተጣለለት ጎመን እንዳለ ጠውልጓል።

"እኩለ ቀን ላይ እኮ ሰው ተሸክሞ ሲሄድ ነበር" አለች ቀመሪያ።

"ፀሐይ ስለነበረ ነው" አለች አረጋሽ። የማን ቃል እንደሆነ ያወቀችው ከተናገረችው በኋላ ነው። "ቀመሪያ፣ ይሄ ነገር ሊሞት ነው።"

"ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ።"

"የሞቀ ውሃ በጀሪካን ሙሊና በሁለት ጎኑ አስጠጊለት። ከላዩ ብርድ ልብስ ደርቢበት። ለጋሼ ወርቄ እንዳትነግሪ።"

ቀመሪያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ሄደች። አረጋሽ ግድግዳው ጋ ብቻዋን ቀረች። ማየት የማትፈልገው ያንን ቦታ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት መዝገቡ በዚያ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ እጁ ጭኑ ላይ። በወጥ ቤቱ መስኮት አየችው። ቁርስ ቀርቧል። ሌላ ቀን ቢሆን "አንተ ሰው፣ ቀዘቀዘ እኮ!" ብላ መንደሩን ታደባልቀው ነበር። ያን ዕለት ግን ኩርፊያ ነው። ሲርበው ራሱ ይመጣል፣ እኔ ቀድሜ አልናገርም አለች። ሳህኑን ከደነችና ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ሁለት አንሶላ፣ አንድ ጋቢ፣ ሸሚዞቹን። ግማሽ ሰዓት ያህል። እንደገና በመስኮት ስታይ አቀማመጡ ያው ነው። ያኔ ነው የሮጠችው። ክሊኒክ ሲደርሱ ልቡ ነው አሉ፣ ነፍሱ ከወጣች ቆይቷል አሉ። "ቶሎ ቢመጣስ ኖሮ?" አለች። ወጣቱ ሐኪም ወለሉን አየና "ለማለት ያስቸግራል" አላት።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለቀመሪያ እንኳን።

ቅዳሜ የሠልስቱ ጸሎት አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጭ ፒክ አፕ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀምረዋል። ሁለት ሰዎች ከመኪናው ወርደው ገመድና ጣውላ ይዘው ገቡ። ሽማግሌው ጀሪካኖቹ መሃል ነው፤ ጣውላውን አስጠግተው ሊገፉት ሲያጎነብሱ አንገቱን ይበልጥ ወደ ውስጥ ሰበሰበ።

"ቶሎ በሉ፣ ቶሎ" ይላል ወርቄ።

"ተዉት" አለች አረጋሽ።

ማንም አልሰማትም። ሦስት ቀን ሙሉ ከሹክሹክታ ያላለፈ ድምፅ ጉልበት የለውም። ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ሄዳ በጣውላውና በሽማግሌው መሃል ቆመች።

"ተዉት አልኩ! የትም አይሄድም። ቤቱን እጨርስለታለሁ።"

"አንቺ? ዛሬ?" አለ ወርቄ። "ሐዘንተኛ በሠልስት አካፋ ይዞ! ምን ነካሽ? ሰው ምን ይላል? ይሄ እኮ ነው ወንድሜን የ..."

"እሱ አይደለም" አለች። "ጋሼ ወርቄ፣ ይስሙኝ። መዝገቡ ሲሞት አንነጋገርም ነበር። እሑድ አኩርፌዋለሁ። ሁለቴ ሊታረቀኝ መጣ፣ ፊት ነሣሁት። ረቡዕ ጠዋት እዚች ግድግዳ ላይ ተደግፎ አየሁት። ልጠራው ሲገባኝ አልጠራሁትም። ቀድሜ አልናገርም ብዬ ልብስ ሳጥፍ ነበር። እሱ እዚህ ነፍሱ ስትወጣ እኔ ሸሚዙን ሳጥፍ ነበር! እንዴት የሚዋደዱ ትላላችሁ ሁላችሁም። እንግዲህ ይሄው ነው። አሁን ይሄም ፍጥረት በእኔ ዝምታ አይሞትም።"

ከሴቶቹ አንዷ ደረቷን መታች። አረጋሽ ከወርቄ ስድብ ጠበቀች፣ እንዲያውም ፈለገችው። ሰውዬው ግን እንደደከመው ሁሉ ብሎኬት ላይ ቁጭ አለ።

"ማክሰኞ ደውሎልኝ ነበር" አለ መሬቱን እያየ። "'ወንድም ዓለም፣ ብሎኬቱ ከበደኝ፤ ነገ ማለዳ ብቅ በልና አቀብለኝ' አለኝ። ለኤሊ ቤት ብሎኬት አላቀብልም ብዬ ሳቅሁበት። ስልኩን ዘጋሁበት።" በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። "ከረቡዕ ጀምሮ ይሄን እንስሳ ባየሁ ቁጥር እሱ ያውቅብኛል መሰለኝ። ለዚያ ነው ይሂድልኝ ያልኩት።"

የመኪናው ሰዎች ጣውላቸውን ይዘው ቆሙ። ኋላ ጋሽ ቦንሳ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም የሚለው ልማድ ነው" አሉ። "የእድራችን ደንብ ውስጥ ግን አልተጻፈም፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ደንቡ የሚለው ሐዘን የገባበት ቤት የጎደለውን እድሩ ይሙላ ነው። እና ምን ታዩኛላችሁ? ድስቱን አውጡ! ጉልቻውንም አምጡ! ኤሊው ላይ ተቀምጬበታለሁ፣ የኔም ዕዳ አለበት።"

የፈራ ሳቅ እዚህም እዚያም ተሰማ። ወርቄ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ።

ስሚንቶ ያቦካችው አረጋሽ ናት፤ አካፋውን አልሰጥም አለች። ወርቄ ብሎኬት ያቀብላል፣ የእድሩ ግንበኛ ይደረድራል። ጥቁሩን የጉልቻ ብሎኬት ማንም አላጠበውም፣ እንዳለ ገባ። የቀመሪያ ባል፣ አቶ አብዶ፣ ከሱቁ ሙቀት የሚይዝ የማቀዝቀዣ ፎም አምጥቶ ከቆርቆሮው ሥር ከደነ፣ ከሳሎን ገመድ ስቦ አምፖል አንጠለጠለ። መዝገቡ የበየዳት ትንሿ የብረት በር ልክ ገባች። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጣሪያው በድንጋይ ተጭኖ ቆመ። አምፖሉ ሲበራ ቀመሪያ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ "ሞቀ!" አለች፣ ሴቶቹም በየተራ እጃቸውን እየሰደዱ ሞከሩት።

የቀረው ጭድ ማንጠፍ ነው። በሩ ግን በሽማግሌው ልክ ነው፤ ከግቢው ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ትከሻ ያላት አረጋሽ ብቻ ሆነች። ቀሚሷን ሰብስባ በጉልበቷ ገባች።

ውስጡ ጠባብና ሞቃት ነው። አምፖሉ ከራሷ በላይ ነው፣ የስሚንቶው እርጥብ ሽታ ያፍናል። ጥጉን ለመደልደል እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ታች ያሉትን አራት ረድፎች መዝገቡ በውስጥ በኩል ለስልሶ ደፍኗቸዋል፤ ብሎኬቱ የሽማግሌውን እግር እንዳይፍቅ መሆኑ ነው። ግንበኛ አልነበረምና የግንበኛ ዕቃ አልነበረውም። በጣቱ ነው የለሰለሰው። አራቱ ጣቶቹ የሄዱበት መንገድ ከዳር እስከ ዳር ደርቆ ቀርቷል፣ በብየዳ ቆርጦ ያሳጠራት ሌባ ጣቱ ሳትቀር።

አረጋሽ የራሷን ጣቶች በዚያ ላይ አሳረፈች።

"አንተ ሰው" አለች። ከዚያ በኋላ ምን ልትል እንደነበር አልታወቃትም። ከሆዷ ሥር የሆነ ነገር ተነሥቶ መጣ፤ ግንባሯን ግድግዳው ላይ ደፍታ ድምፅ እንዳይወጣ አፏን በክንዷ ያዘች። አልያዘላትም።

ውጭ ያለው ወሬ ቀጥ አለ። ቀጥሎ የወርቄን ድምፅ ሰማች፣ ዝቅ ያለ። "ወደዚያ ሂዱ። ሁላችሁም። ድንኳኑን ጨርሱ።" እግሮች ራቁ። ከጆንያው ውስጥ ጭድ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፣ በበሩም በኩል የወርቄ እጅ ገባ። በእቅፍ ቢሰጣት በሁለት ጊዜ ያልቅ ነበር። እጁ ላይ ግን ያለው አንድ ጭብጥ ብቻ ነው።

ተቀበለችውና እያለቀሰች አነጠፈችው። እጁ ተመልሶ ሌላ ጭብጥ ይዞ መጣ። በሁለቱ መሃል ረዥም ጊዜ ቆየ፣ ከሚገባው በላይ። ወርቄ ጨርሺ አላላትም፣ ውጪ አላላትም። ጭዱን በትንሽ በትንሹ እየቆነጠረ ዝም ብሎ ያቀብላት ጀመር።